ኩዊልት ከአልጋ ወርዶ ግድግዳ ላይ ሲወጣ

አልጋ ላይ የተነጠፈ ኩዊልት (ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተጋጥሞ የሚሰፋ ድርብ ልብስ) ክብደቱን ፍራሹ ይሸከምለታል። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ያ ክብደት በሙሉ የላይኛው ጠርዝ ላይ ያርፋል። አልጋ ላይ ማንም ያላስተዋለው የ1 ሳንቲ ሜትር ጥመት ገና ከበር ሲገቡ ዓይን ይወጋል፤ ጠርዙ ይውለበለባል፤ መሃሉ ይረግባል። የሠራው ሰው ራሱም ቢሆን ሥራውን በሙሉ ቁመቱ፣ 3 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ መርፌው ከዓይኑ በሁለት ስንዝር ርቀት ሳለ ነው።

ስለዚህ ለዐውደ ርእይ መዘጋጀትን ሥራው ካለቀ በኋላ እንደሚመጣ ጣጣ መቁጠር አይገባም። የሥራው የመጨረሻ ክፍል ነው። ጨርቁ የሚቃናው እዚህ ላይ ነው፤ «ይህን ለምን ሠራሁት?» የሚለው ጥያቄም ማምለጫ የሚያጣው እዚሁ ነው።

ለመግባባት ያህል፣ ኩዊልት ሦስት ድርብ ነው፦ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተጋጠመው ፊት፣ መሃል የሚገባው የጥጥ፣ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ሙሌት፣ ከኋላ ያለው ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ከፊት እስከ ገበር የሚያልፈው ስፌት ነው። ዙሪያውን የሚዘጋው ደግሞ ቅምቅማቱ።

ማቃናት፣ እና የማይቃናውን መተው

ለማቃናት ምርጡ ጊዜ ስፌቱ አልቆ ቅምቅማቱ ገና ያልገባበት ነው። ከተቃና በኋላ ትርፉ ጠርዝ በልኩ ይቆረጣል፤ ቅምቅማቱም ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ ይሰፋል። ቅምቅማቱ ቀድሞ ከገባ ጥመቱን አጥሮ ይይዘዋል።

ውሃ ከመንካቱ በፊት ቀለም ይፈተናል። ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥቦ በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ለ10 ሰከንድ ያህል መጫን ነው፤ በተለይ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ላይ። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ኩዊልቱ አይረጥብም። ሐርና ሱፍ ያለበትም አይረጥብም፤ ካውያው ጨርቁን ሳይነካ ከላይ እንፋሎት ብቻ ይሰጠዋል። ፈተናው ተዘልሎ ቀለሙ ከለቀቀ ትልቁ ጥፋት ደንግጦ ማድረቅ ነው። የለቀቀ ቀለም ሲደርቅ ባረፈበት ጨርቅ ላይ ይቀራል። ሳይደርቅ ብዙ ውሃና ሳሙና ውስጥ ነክሮ ውሃውን ደጋግሞ መቀየር ነው መውጫው።

የረጠበው ኩዊልት ስፒል በሚቀበል ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ተገጣጥሞ በተዘረጋ ወፍራም የፎም ሰሌዳ ላይ ንጹሕ አንሶላ ተደርጎበት ይነጠፋል። ከመሃል ወደ ጠርዝ በመዳፍ እየተደለደለ ይሄዳል፤ ጠርዙን ይዞ መሳብ ክር ይበጥሳል። የማይዝጉ ስፒሎች በየ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይተከላሉ። ወርዱ በሦስት ቦታ ማለትም ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካል፤ ሦስቱም እኩል መምጣት አለባቸው። ቀጥሎ ከጥግ ወደ ጥግ ይለካል። ወርዱ 150፣ ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩዊልት ማዕዘኑ የተስተካከለ ከሆነ በሁለቱም አቅጣጫ 234 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። አንዱ 232፣ ሌላው 236 ካለ ቅርጹ ዘሟል ማለት ነው፤ በረጅሙ በኩል ያሉት ሁለት ጥጎች ወደ ውስጥ ተገፍተው እንደገና ይለካል። ከዚያ ቬንቲሌተር ወደ እሱ አዙሮ መተው ነው። አንድ ቀን ይፈጃል፤ ወፍራም የጥጥ ሙሌት ሁለት ቀንም ሊወስድ ይችላል። መሃሉ እርጥበት ይዞ ከተነሣ ወደ ቀድሞ ጥመቱ ይመለሳል።

ጠርዝ የሚውለበለበው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ዙሪያውን የሚከበው ከፈፍ ሳይለካ ረጅም ጨርቅ እየተሰፋ ትርፉ መጨረሻ ላይ ሲቆረጥ ነው። ከፈፍ መቆረጥ ያለበት መሃል ለመሃል በተለካው ልክ እንጂ በጠርዙ ልክ አይደለም፤ ጠርዝ ሥራው ላይ እያለ ይለጠጣል። ሁለተኛው፣ መሃሉ ጥቅጥቅ ብሎ ተሰፍቶ ጠርዙ ሳስቶ ሲቀር ነው። ስፌት በበዛበት ቦታ ጨርቅ ይሰበሰባል፤ ያልተሰፋው በስፋቱ ይቀራል። መጠነኛ ትርፍ በማቃናት ይጠፋል። ለበዛው ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ በጠንካራ ክር ሰፋ ያለ የእጅ ስፌት ማስኬድ፣ ክሩን በቀስታ እየሳቡ ጠርዙን ወደ ልኩ መሰብሰብ ይቻላል። ቅምቅማቱ ሲመጣበት ይሸፈናል። ሙሌቱ ግን እስከ ቅምቅማቱ እጥፋት ድረስ መድረስ አለበት፤ ትርፉ ሲቆረጥ ሙሌቱም አብሮ በጣም ከተላጨ ቅምቅማቱ ባዶ ይሆናል፤ ግድግዳ ላይ ሲታይም ጠርዙ የሟሸሸ ይመስላል።

ስለ ምልክት ማድረጊያ እስክሪብቶ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በውሃ የሚጠፋው ሰማያዊ ቀለም ካውያ ከነካው ጨርቁ ላይ ይጋገራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ካውያ። በሙቀት የሚጠፋው ደግሞ ሙቀት ይሰውረዋል እንጂ አያወጣውም፤ ከዜሮ በታች ጠልቆ የወረደ ብርድ ሲያገኘው መሥመሩ ተመልሶ ይወጣል። ብል ለመግደል ኩዊልት ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስገቡ ሰዎች ይህን ካላወቁ ያለቀ ሥራ ላይ የእርሳስ ንድፍ የመሰለ መሥመር ያገኛሉ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ፤ ቀጥ ማለት ሕግ አይደለም፣ ውሳኔ ነው። በአሜሪካ አላባማ ግዛት የጊስ ቤንድ ሴቶች የሠሯቸው ኩዊልቶች በአውሮፓውያኑ 2002 ላይ መጀመሪያ በሂውስተን፣ ቀጥሎ በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ሲታዩ ብዙዎቹ ጠርዛቸው ጠማማ፣ መሥመራቸው የሚወላገድ ነበር። ያ መወላገድ የሥራው አተነፋፈስ ነው፤ በስፒል ወጥሮ ማቃናት ሥራውን መግደል ይሆናል። ቅድመ አያቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱት የሕንድ ሲዲዎች ካዋንዲ የሚሉትን ኩዊልት ከጠርዝ ጀምረው ወደ መሃል እየዞሩ ይሰፉታል፤ በየጥጉ የታጠፈች ትንሽ ጨርቅ ብቅ ትላለች፣ ፉላ ይሏታል፣ አበባ ማለት ነው። በማያውቅ ዓይን ሲታይ ተረስታ የቀረች ትርፍ ትመስላለች። ለእነርሱ ግን ያለ እርሷ ሥራው አላለቀም። እንግዲህ መቀስ ከማንሳት በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ጥመቱ ስሕተት ነው ወይስ የእጅ ጠባይ? የሚለው ነው። መልሱን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። የትርጉም ጥያቄ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ማንጠልጠያው

በስፒል፣ በምስማር ወይም በመቆንጠጫ መስቀል አይገባም። ክብደቱ ጥቂት ነጥቦች ላይ ስለሚያርፍ በነጥቦቹ መካከል ያለው ይረግባል፤ ክሩም በጊዜ ብዛት ይበጠሳል። የተለመደው መፍትሔ ከገበሩ ላይ የሚሰፋ፣ ዘንግ የሚገባበት እጅጌ ነው። አብዛኛው ዐውደ ርእይ የሚጠይቀው ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እጅጌ ነው።

ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ኩዊልት ሂሳቡ እንዲህ ነው። ከታጠበ አቡጀዲ ወይም ከገበሩ ጨርቅ 149 በ23 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ ርዝመቱ በድሩ አቅጣጫ ቢሆን ይመረጣል፣ ድር እንደ ማግ አይለጠጥም። ሁለቱ ጫፎች 1 ሳንቲ ሜትር፣ እንደገና 1 ሳንቲ ሜትር ታጥፈው ይሰፋሉ፤ 145 ይቀራል። በርዝመቱ ታጥፎ በ1 ሳንቲ ሜትር ልክ ሲገጠም ዙሪያው 21 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ይወጣል። አሁን ቁም ነገሩ፦ ቱቦው እኩል ለእኩል አይተኮስም። ገበሩ ላይ የሚያርፈው ገጽ 10፣ ከውጭ ያለው ገጽ 11 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተደርጎ ይተኮሳል። ትርፏ 1 ሳንቲ ሜትር ዘንጉ የሚተኛባት ሆድ ናት። እርሷ ከሌለች ዘንጉ ፊቱን ከኋላ ይገፋዋል፤ በላይኛው ጠርዝ በኩልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያበጠ መሥመር ይታያል። የግጥሙ ስፌት ወደ ገበሩ ይዞራል፤ ዘንግ ሲገባና ሲወጣ እንዳይጠልፈው።

እጅጌው ከላይኛው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከግራና ከቀኝ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል እየተተወ በእጅ ይሰፋል። መርፌው ገበሩንና ትንሽ ሙሌት ይይዛል፤ ፊት ድረስ አይዘልቅም። ስፌቱ በየ5 ሚሊ ሜትሩ፣ ክሩ እጥፍ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ ቋጠሮ፤ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሙሉው እንዳይተረተር ነው። ብዙዎች የሚረሱት የቱቦውን ሁለት አፎች ነው። ገበሩ ላይ የሚያርፈው የአፉ ጠርዝም መሰፋት አለበት፤ ካልተሰፋ ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ዘንጉን በእጅጌው ውስጥ ሳይሆን በእጅጌውና በገበሩ መካከል ያስገባዋል፣ ስፌቱም ይቀደዳል።

ኩዊልቱ ከ2 ሜትር በላይ ሰፊ ከሆነ እጅጌው ለሁለት ተከፍሎ መሃሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዋል፤ ዘንጉን መሃል ላይ የሚደግፍ ማንጠልጠያ ይገባበታል። ዘንጉን በተመለከተ ክብ ቀጭን እንጨት ረጅም ወርድ ላይ ይጎብጣል። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 6 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ጣውላ በጎኑ ቆሞ ሲገባ ብዙ ይሸከማል፤ የቆመው ቁመት በእጥፍ ሲጨምር መጎበጥን የመቋቋም አቅሙ 8 እጥፍ ይሆናልና። ከኩዊልቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያጠረ፣ ከእጅጌው 3 ሳንቲ ሜትር የረዘመ ይሁን፤ ጫፎቹ ከእጅጌው ወጥተው መስቀያው ላይ ያርፋሉ፣ ከፊት ግን አይታዩም። ጥሬ እንጨት ከጊዜ ጋር አሲድ ስለሚያወጣ ጨርቅን ያቢጫል። ቀለም ከተቀባም በሚገባ መድረቅ አለበት፤ አለዚያም በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ከላዩ አቡጀዲ ይለብሳል። የአሉሚኒየም ዘንግ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ለከባድ ወይም ለእርጅና ላዘነበለ ሥራ ቬልክሮ (ተጣብቆ የሚላቀቅ ባለ ሁለት ወገን ማሰሪያ) ይሻላል። ለስላሳው ወገን ሰፊ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በመኪና ይሰፋል፣ ጥብጣቡ ገበሩ ላይ በእጅ ይሰፋል፤ ሸካራው ወገን ግድግዳ ላይ በተመታ ጣውላ ላይ ይሆናል። ጥቅሙ፣ ክብደቱ በሙሉ ወርድ ላይ እኩል መከፋፈሉና የረገበ ቦታ ሲገኝ እዚያችን ብቻ ላጥ አድርጎ መልሶ መጫን መቻሉ ነው።

ግድግዳና ብርሃን

የሥራዎቹ መሃል ከወለል ከ145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይመቻል፤ በጣም ረጅም ለሆኑት ግን ታችኛው ጠርዝ ወለሉን እንዳይነካና የሚያልፍ ጫማ እንዳያገኘው ማድረጉ ይቀድማል። የግድግዳ ርዝመት አስቀድሞ ይሰላል፦ ወርዳቸው 150 የሆኑ 12 ሥራዎች 18 ሜትር ይይዛሉ፤ በየመካከላቸውና በሁለቱ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ከተተወ 13 ክፍተት፣ 7.8 ሜትር ይጨመራል። 25.8 ሜትር። ግድግዳው 20 ሜትር ብቻ ከሆነ ክፍተቱን ከማጥበብ 3 ሥራ መቀነስ ይበጃል። ኩዊልት በቀለም የሚጮህ ነገር ነው፤ ተጠጋግተው ሲሰቀሉ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይውጣል። ሲሰቀል ውሃ ልክ ዘንጉ ላይ ይቀመጣል፤ ጨርቁ ራሱ ትንሽ የዘመመ ከሆነ ግን በዓይን መፍረድ ከውሃ ልክ ይበልጣል።

ብርሃን ጨርቅን ይበላል፣ የበላውንም አይመልስም። ለጨርቃ ጨርቅ ሙዚየሞች የሚመክሩት 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። ጉዳቱ የሚለካው በድምር ነው፦ 50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት ለ30 ቀን ሲበራ 12,000 ሉክስ ሰዓት ይሆናል። በ500 ሉክስ ያንኑ ያህል የሚደርስበት በ3 ቀን ነው። 2,000 ሉክስ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ደግሞ 6 ሰዓት ይበቃዋል። ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት የሚባል ያህል ስለማያወጣ ይመረጣል፤ የከፋው የመስኮት ፀሐይ ነው። መብራቱ ከላይ በሰያፍ ሲመጣ የስፌቱን ጎድጓዳና ጉብታ ያወጣዋል፤ ፊት ለፊት ሲመታው ወራት የፈጀ የእጅ ስፌት እንደ ታተመ ወረቀት ጠፍጣፋ ይሆናል። በ1 ሳንቲ ሜትር 4 ስፌት ያሳለፈ እጅ ይህ ሊደረግበት አይገባም።

ሰው መንካቱ አይቀርም፤ ጨርቅ እጅን ይጠራል። «አትንኩ» ብሎ ከመለጠፍ ይልቅ ከዚያው ጨርቅና ሙሌት የተሠራ፣ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናሙና ከጎን ማንጠልጠል ይሠራል። ጀርባውን ለማየት ለሚፈልግ ደግሞ ንጹሕ የጥጥ ጓንት ያደረገ አንድ ሰው ጥጉን ገልጦ ያሳያል።

ፎቶውን በተመለከተ አጭር ነው። ካሜራው በሥራው መሃል ቁመት ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይቆማል፤ ከላዩ ጠቦ ከታቹ ከሰፋ ካሜራው አዘንብሏል ማለት ነው። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፤ አንድ ፎቶ አራቱም ጠርዝ የሚታይበት፣ አንድ ደግሞ ስፌቱ ከቅርብ፤ ለዚህኛው አንዱ መብራት ይጠፋል።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ከሥራው ሥር በሚለጠፍ ካርድ ላይ የሚሰፍር፣ ከአንድ መቶ ቃል የማይበልጥ ጽሑፍ። ካርዶች በብዛት የሚወድቁት ሠሪው ጨርቁን ትቶ ስለ ስሜት መናገር ሲጀምር ነው። «ይህ ሥራ ተስፋን፣ ፍቅርንና አንድነትን ይገልጻል» የሚል ካርድ የትኛውም ሥራ ሥር ቢለጠፍ አይሳሳትም፤ ስለዚህም ምንም አልተናገረም። «ግራጫው ከሦስት የሥራ ሸሚዞች ነው። ኪሶቹ የነበሩበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ሳላወጣው የተውሁት ሆን ብዬ ነው» የሚል ካርድ ግን አንባቢውን ወደ ጨርቁ ይመልሰዋል። ኪሱን ፈልጎ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳጣ ራሱ ይደርስበታል።

ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች የጊስ ቤንድ ሴት በአውሮፓውያኑ 1942 ላይ ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቆርጣ ኩዊልት ሠራች፤ እሱን እያስታወሰች ሥሩ ልትተኛ። ልጇ አርሎንዝያ ነበረች ኋላ ይህን የተናገረችው። ከዚህ ላይ ምን ይጨመራል? የደበዘዘው ጉልበት፣ የተለጠፈው መጣፊያ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነበበ።

ትርጉሙን ሠሪው ራሱ ካልተናገረው እንደሚጠፋ ደግሞ ሃርየት ፓወርስ ምስክር ናት። በአውሮፓውያኑ 1837 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለደች ሴት ናት። ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በ11 ክፍል የሠራችውን ኩዊልት 1886 ላይ በዚያው ግዛት በአቴንስ ከተማ የጥጥ ትርኢት ላይ አሳየችው። ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል መምህርት ልትገዛው ጠየቀች፤ ፓወርስ እንቢ አለች። ከዓመታት በኋላ ችግር ሲጠና በ5 ዶላር ሸጠችው። ወደ ገዢዋ የወሰደችው በበሬ ጋሪ ላይ፣ በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። ከመለየቷ በፊት ግን እያንዳንዱን ክፍል አንድ በአንድ አስረዳች፤ ስሚዝም ጻፈችው። ዛሬ ኩዊልቱ በስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል፤ እነዚያን ምስሎች በእርግጠኝነት ማንበብ የምንችለውም ያን ቀን ስለተናገረች ነው። ቦስተን ያለው ሁለተኛ ሥራዋ ላይ በ1833 ሰማዩን የሞላው የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ አለ፤ እርሷ ከመወለዷ 4 ዓመት አስቀድሞ የሆነ ነው። የሰማችውን ሰፋችው ማለት ነው። ይህን ጨርቁ ብቻውን አይናገርም።

መጠንም ይናገራል። በኤድስ የሞቱትን ለማሰብ የተጀመረው ኩዊልት እያንዳንዱ ቁራጭ 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የመቃብር ልክ። መስከረም 30 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 11 ቀን 1987፣ ዋሽንግተን ውስጥ 1,920 ቁራጮች መሬት ላይ ተዘርግተው ሲታዩ የሞቱትን ሰዎች ብዛት ያለ ንግግር በእግር ተጉዞ መለካት ይቻል ነበር። እንግዲህ «ሥራዬ ለምን ይህን ያህል ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ አይደለም። ለአልጋ ልክ የተሠራ፣ ለሕፃን ልክ የተሠራ፣ ከግድግዳ በቀር ለምንም ልክ ያልተሠራ፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር ይላሉ።

ብዙ ሰው «የእኔ ሥራ ትርጉም የለውም፣ ዝም ብዬ ነው የሠራሁት» ይላል። ለዚህ የሚረዳ ተግባር አለ። የሠራችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሡ፤ በትንንሹ አትማችሁ በተሠሩበት ዘመን ቅደም ተከተል ወለል ላይ ደርድሩ። ከዚያ የሚደጋገመውን ፈልጉ፦ ሁልጊዜ ዳር ላይ የምትገፉት ቀለም፣ ሳታስቡት የምትመለሱበት ቅርጽ፣ ከየሥራው የቀረውን ቁራጭ ይዞ የሚቀጥለው ሥራ። በየትኛው ዓመት ቀለሙ ጠቆረ? መቼ ነው ስፌቱ የደቀቀ? ውሉ የሚገኘው እዚህ ነው። ተገኝቶም ምናልባት «ሰማያዊ ከነጭ ጋር ሲገናኝ ደስ ይለኛል» ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህም ሐቅ ነው፤ ካርድ ላይ በድፍረት ይጻፋል።

ንድፉ የሌላ ሰው ከሆነ ስሙ ይጠቀሳል። ስፌቱን በመኪና ሌላ ሰው ከሠራውም እንዲሁ፤ ይህን መደበቅ የሥራ ባልደረባን ድካም መንጠቅ ነው። ሐዘን የያዘ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከመሰቀሉ በፊት የሚወሰን ነገር አለ። እንግዳ ፊት ለፊት ቆሞ «ማን ነበሩ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ያህል ትመልሳላችሁ? ካርዱ ላይ ያለውን ያህል ብቻ መናገር ይቻላል፤ ካርዱ ላይ የሌለውን የመናገር ግዴታ የለም። አንዳንድ ሥራ ጨርሶ ባይታይም ይሻላል፤ ያንንም የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ከኋላ የሚሰፋው መለያ ሌላ ነገር ነው፤ የሥራው ስም፣ የሠሪው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ልኩ፣ ፊቱና ሙሌቱ ከምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ይይዛል። በማይለቅ ቀለም ይጻፍና በካውያ ይተኮሳል። ገበሩ ላይ ቀድሞ ተሰፍቶ የኩዊልቱ ስፌት በላዩ ካለፈበት ማንም ሳያበላሽ ሊያነሣው አይችልም፤ ከስርቆት መከላከያም ነው።

መውረድና መመለስ

ሥራው ከእጅ ሲወጣ አራቱም ጥግ፣ ፊትና ጀርባው ፎቶ ይነሣል፤ በላዩ የሚገኝ እድፍና ቀዳዳ ሁሉ በጽሑፍ ይመዘገባል። ሲመለስ ከዚያ ጋር ይተያያል። የኢንሹራንስ ግምት ሲጠየቅ የጨርቁ፣ የሙሌቱና የክሩ ወጪ ላይ የሥራ ሰዓቱ ተደምሮ ይቀርባል፤ ሰዓቱን ገና ሥራው ሲጀመር መመዝገብ ስለሚረሳ ነው ብዙዎች ግምታቸውን የሚያሳንሱት።

ለጉዞ ፕላስቲክ ከዝናብ ያድናል፤ ለማስቀመጥ ግን እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያመጣል። አየሩ ከ65 በመቶ በላይ እርጥበት በያዘበት ክፍል ሻጋታ ይመቸዋል፤ ከ45 እስከ 55 በመቶ ጥሩ ነው። ብል የተጠረጠረበት ሥራ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ከወጣ በኋላ ሳይከፈት አንድ ቀን ይቆያል። ወዲያው ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት በቀዘቀዘው ጨርቅ ላይ ውሃ ይሆናል። ስታርች የተደረገበት ጨርቅ ነፍሳት ስለሚስብ ከመቀመጡ በፊት ይታጠባል።

ማጠፍ በየእጥፋቱ ክር ይሰብራል፤ መታጠፉ የግድ ከሆነ በየእጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ ነጭ አቡጀዲ ይገባል፤ እጥፋቱም በየጥቂት ወሩ ቦታ ይቀያየራል። የሚሻለው መጠቅለል ነው፦ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ አቡጀዲ ለብሶ፣ የኩዊልቱ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ። ሲጠቀለል ወደ ውስጥ ያለው ገጽ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ መጨማደዱ የገበሩ ድርሻ ይሁን። ከላዩ ሌላ አቡጀዲ ይጠቀለልበትና በሰፊ ጥብጣብ ላላ ተደርጎ ይታሰራል። ጥብጣቡ ላይ ወረቀት ይንጠልጠል፤ የሥራው ስም፣ የት መቼ እንደታየ፣ በስንት ሉክስ ለስንት ሰዓት እንደበራበት፣ ምልክቱ በየትኛው እስክሪብቶ እንደተደረገ ይጻፍበት። 12,000 ሉክስ ሰዓት የበላ ሥራ ለሚቀጥለው ግብዣ ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱ ይነበባል።